ሦስቱ ቆንጆዎች

ሰዓት ሠሪው እምሩ የፈራው አሰሳውን ነበር፤ ያስያዘው ግን የገዛ ምላሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እምሩ፣ ጡረተኛው የፖስታ ቤት ጸሐፊ አጥናፉና ልብስ ሰፊው እንድሪስ ሃያ ዓመት ሙሉ ፒያሳ ካለ አንድ ኬክ ቤት ጥግ ተቀምጠው በአንድ ነገር ሲጨቃጨቁ ኖረዋል፦ ከስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ሁሉ ቆንጆዋ የትኛዋ ናት? ቃታ በመሳብ ብቻ የሚተኩሱትን የኋላ የኋላዎቹን ከቁም ነገር አይቆጥሯቸውም። የእነሱ ፍቅር ለእያንዳንዷ ጥይት መዶሻዋን በአውራ ጣት ስበው የሚያቀባብሏት የድሮዋ ናት። እንድሪስ ስሚዝ ለምትባለው ያደላ ነበር፤ ከወገቧ ታጥፋ ስትከፈት ቀለሃዎቿን ባንዴ ትተፋለች እያለ በመቀሱ ያሳያል። አጥናፉ ሬሚንግተንን የሚያህል የለም ባይ ነው፤ ከአፈሙዟ ሥር የተዘረጋው ብረት አንገቷን ያሳምረዋል ይላል። ሁለቱም ሽጉጥ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ፍቅሩ የያዛቸው ሲኒማ ቤት በካውቦይ ፊልም ነው፤ የቀረውን ያስተማራቸው አጥናፉ ከየት እንዳመጣው የማይናገረው አንድ የተቀዳደደ መጽሔት ነው። እምሩ ግን የአባቱ ሽጉጥ፣ ኮልት የምትባለዋ፣ ነበረችው። መዶሻዋ ሲሳብ አራት ጊዜ ቀጭ ትላለች፤ የሰዓት ሠሪ ጆሮ የተሸነፈው ለዚያ ድምፅ ነው።

ደርግ መጥቶ መሣሪያ አስረክቡ ሲል ጓደኞቹ አስረክባትና ተገላገል ብለው ለመኑት። እምቢ አለ። መጀመሪያ ስለሚወዳት ነበር፤ ኋላ ደግሞ ቀኑ ስላለፈና «እስከ ዛሬ የት ደብቀሃት ኖርክ» የሚለውን ጥያቄ ስለፈራ። ጭቅጭቁን መተው ግን ለሦስቱም አልሆነላቸውም። የአራዳ ልጆች አይደሉ፣ ሰሚ እንዳይገባው ለሽጉጦቹ ስም አወጡላቸው። አማርኛ ሲወዱት ሁሉን ነገር «እሷ» ያሰኛልና የሴት ስም አላስቸገራቸውም። የእምሩ ኮልት አንድ ጊዜ አባቱን ከሽፍታ ስላዳነች አዳነች ተባለች። ስሚዝ ሸፊቃ ሆነች፤ ርኅሩኅ ማለት ነው ብሎ እንድሪስ ራሱ ስቆበታል። ሬሚንግተን ደግሞ የሺዓለም። ሦስት ሽማግሎች ስለ ወገብና ስለ አንገት ሲከራከሩ የሰማ ሁሉ በልቡ እየሳቀ ያልፍ ነበር።

በ1969 መጋቢት ላይ የሚስቅ ጠፋ። ሬሳ በየመንገዱ ዳር ማየት የተለመደበት ወር ነው፤ በዚያ ላይ ቤት ለቤት አሰሳ ሊጀመር ነው ተባለ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንድሪስ ማኪያቶውን ሳይነካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አዳነችን ምን ልታደርጋት ነው ብሎ ጠየቀ።

«የትም አትሄድም» አለ እምሩ። «ሱቄ ውስጥ ደብቄያታለሁ። አሰሳው እስኪያልፍ ትንፍሽ አትልም።»

ጀርባውን ሰጥቶ ባንኮኒው ላይ የተደገፈውን ሰው ከሦስቱ አንዱም ልብ አላለውም። ሰውዬው ያን ቦታ ከያዘ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች እምሩን ወደ ቀበሌ ወሰዱት። ሲወጣ ሱቁን ዘወር ብሎ አላየም፤ ዓይኑ በተበላሸው የግድግዳ ሰዓት ላይ ያረፈ እንደሆነ ሽጉጧ ከሰዓቱ ሆድ ውስጥ እንዳለች የሚያውቁበት መሰለው። ጊዮርጊስን በልቡ እየተማጸነ ሄደ።

ቀበሌ የጠበቀው ዘገዬ የሚባለው ካድሬ ነው፤ እምሩ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ጠግኖለታል። ዘገዬ ወንበር ሰጠው። ትህትናው ከዱላ ይልቅ አስፈራው።

«ጋሽ እምሩ፣ አዳነችን ለምንድን ነው የደበቋት?»

አለቀልኝ፣ ሁሉን አውቀዋል አለ በልቡ። አፉን ሊከፍት ሲል ግን ከውስጠኛው ክፍል የሴት ለቅሶ ሰማ። ድምፁን ያውቀዋል። ከሱቁ አጠገብ ክርና ቁልፍ የምትቸረችረው፣ የሁለት ልጆች እናት አዳነች ናት። ዘገዬም የጠቋሚውን ወረቀት እያየ አስረዳው፦ አዳነች፣ ሸፊቃ፣ የሺዓለም፤ ሦስት ሴቶች፣ አንድ የፀረ አብዮት ህዋስ። አንደኛዋ እሱ ጋ ተደብቃ እንደነበር ታውቋል፣ ተይዛለችም፤ ሁለቱን እስክታወጣ ድረስ ትጠየቃለች።

እምሩ መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ሽጉጧን አያውቁም። ዝም ቢል ወደ ቤቱ ይመለስ ይሆናል። ይህን በማሰቡ ወዲያው ፊቱ በኀፍረት ጋለ፤ ፍርሃቱ ግን ከኀፍረቱ በለጠ። ከግድግዳው ማዶ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ሴትዮዋ ጮኸች።

«ጋሽ እምሩን ጠይቋቸው፤ እሳቸው ያውቁኛል!»

«አዳነች ሰው አይደለችም» አለ እምሩ። «ሽጉጥ ናት።»

ከዚያ በኋላ ቃሉ እንደ ውሃ ወረደ። ስለ አባቱ፣ ስለ ሲኒማው፣ ስለ መጽሔቱ፣ ስም ስላወጡበት ምክንያት ሁሉ ተናገረ። ዘገዬ አልሳቀም። ሰው ልኮ ሰዓቱን አስከፈተና ኮልቷን በጨርቅ እንደተጠቀለለች አስመጣት፤ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ብዙ አያት። አዳነች ተፈታች። ለምን እንደተያዘች፣ ለምን እንደተለቀቀች ሳታውቅ ሻሿን እያስተካከለች በፊቱ አለፈች። እምሩ ዓይኑን ጨፈነ። የራሱን ነገር ቆርጦታል።

ዘገዬ ወረቀቱን መልሶ አነሳ።

«አንዷ ተገኘች። ሸፊቃ የእንድሪስ፣ የሺዓለም የአጥናፉ ናቸው ብለዋል። ሰዎቹ የት ነው ያስቀመጧቸው?»

እምሩ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው። እነሱ ሽጉጥ የላቸውም፣ ስሚዝና ሬሚንግተንን በዓይናቸው ዓይተው እንኳ አያውቁም፣ ቆንጆ ናት ያሉት ወሬ ብቻ ነው እያለ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተንበረከከ።

«አዳነችም እስክትገኝ ድረስ አልነበረችም» አለ ዘገዬ፣ ወደ በሩ እየተጣራ።

አራት ሰዎች ገቡ። ሁለቱን ወደ እንድሪስ ልብስ ስፌት፣ ሁለቱን ወደ አጥናፉ ቤት አዘዛቸው፤ ሽጉጦቹን ሳያገኙ እንዳይመለሱም አስጠነቀቃቸው።