ሠላሳ ሁለት የማን ቀን ነው?

ሰው ዕድሜ ሲጫነው ፍላጎቱ ይለያያል። አንዱ መቁጠሪያ ይይዛል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ይካሰሳል። ዓምደ ሚካኤል የሚፈልገው ግን መጠራት ብቻ ነበር። የፋሲሎ ሰፈር ሰው የክርስትና ስሙን ትቶ «ዐሥራ ሁለት» ሲለው ነው የኖረው። የጣና ዳር ቡድንን መሐል ሜዳ እንደ በሬ ሲያርስ በነበረበት ዘመን ጀርባው ላይ የነበረው ቁጥር ነው፤ ሚስቱ እንኳ ገበያ ስትወጣ «የዐሥራ ሁለት ሚስት» ትባል ነበር። አሁን አሁን ጠሪው ሳሳ። በቀደም አንድ ባለ ባጃጅ «አባት፣ የት ላድርስዎ?» ቢለው ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ። አባትማ ማንም ነው።

ስለዚህ የቡድኑ ጸሐፊ መሲ ቤቱ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እሁድ ከወዳጅነት ጨዋታው በፊት ቁጥርዎን ጡረታ ልናወጣው ነው» ስትለው ደስታው ልክ አጣ። ማልያው በመስታወት ገብቶ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከእንግዲህም ዐሥራ ሁለትን የሚለብስ ተጫዋች አይኖርም። ወሬውን ይዞ እየተጣደፈ የሄደው ወደ አስማማው ነው። አስማማው የዚያው ቡድን በረኛ የነበረ የልጅነት ወዳጁ ሲሆን፣ ሐይቁ ዳር ካለችው ዓሣ ቤት ጥብሱን አቅርቦ ተቀምጧል።

«ቁጥርም ጡረታ ይወጣል?» አለ አስማማው፣ እሾህ ከጥርሱ እየለቀመ። «አበሉን ማን ሊበላለት ነው፣ አንተ?»

«ቅናት ነው የያዘህ። ያንተን አንድ ቁጥር ማንም አልጠየቀ።»

«አንድ ቁጥር ጡረታ ከወጣ በሩን ማን ሊጠብቀው?» ብሎ ሣቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ክብሩስ ይገባሃል። ብቻ ዐሥራ ሁለትን ዛሬ የሚለብሰው ያ ልጅ፣ ክንዱ ነው። እሱ ምን ሊለብስ ነው?»

«ቁጥር መች ጠፋ» አለ ዓምደ ሚካኤል። የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ራሱ ሳበና መብላቱን ቀጠለ።

ሐሙስ የወሩ ሚካኤል ነበር፤ የጽዋ ማኅበሩ ተራም የዓምደ ሚካኤል። ማኅበርተኛው ቤቱ ተሰበሰበ፤ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። የቀረው ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ ማስረከብ ነው። ተረኛው ደግሞ ክንዱ ነበር፤ አባቱ ዐምና ሲያርፉ በእግራቸው የተተካ፣ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት።

ዓምደ ሚካኤል በነጠላ የተሸፈነውን ጽዋ በሁለት እጁ አንሥቶ ሰጠ። ክንዱም ጎንበስ ብሎ ያዘው። የሽማግሌው ልብ ግን እሁድ ላይ ነበርና ጣቶቹ ጽዋውን እንደ ጨበጡ ቀሩ። አንዱ ይስባል፣ ሌላው አይለቅም።

«ልቀቀው እንጂ» አለ አስማማው ከጥጉ። «ወይስ እሱንም በመስታወት ልትሰቅለው ነው?»

ቤቱ በሣቅ ሞላ። ዓምደ ሚካኤል ብቻ አልሣቀም። ክንዱም እንደ ማጽናናት ብሎ፣ «ለእሁዱ እንኳን ደስ ያለዎ ጋሼ፤ የሚገባዎ ነው» አለ። «እኔም ሌላ ቁጥር ተሰጥቶኛል። ሌላው ሁሉ ተይዞ ሠላሳ ሁለት ደረሰኝ።»

«ሠላሳ ሁለት የማን ቀን ነው?» አሉ መሪጌታ፣ የእውነት ግራ ገብቷቸው።

በዚህ ቡድን ቁጥር የሚመረጠው በታቦት ነው። የሚካኤል ልጅ ዐሥራ ሁለትን፣ የማርያም ሃያ አንድን፣ የገብርኤል ዐሥራ ዘጠኝን፣ የጊዮርጊስ ሃያ ሦስትን ይለብሳል። ማኅበርተኛው በጣቱ መቁጠር ያዘ። ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ፣ ሠላሳ ማርቆስ፤ ከዚያ ወዲያ ወሩ አለቀ።

«ሠላሳ ሁለት ቀን ያለው ወር የለማ» አሉ መሪጌታ። «ታዲያ ይህ ልጅ ሜዳ ሲገባ ማንን ሊማጸን ነው?»

«ምን ይደረግ የኔታ» አለ ክንዱ ፈገግ ብሎ። «በልቤ ሚካኤልን እጠራለሁ።»

ይህ ትሕትና ዓምደ ሚካኤልን ከአስማማው ቀልድ ይበልጥ ወጋው። ልጁ ቢከራከረው ኖሮ በነገር ያሸንፈው ነበር፤ ነገር ላይ ማን ይችለዋል። ክንዱ ጽዋውን ይዞ በእልልታ ሲወጣ እስከ በር ሸኘውና እዚያው ቆሞ ቀረ። ከእሱ በፊት ዐሥራ ሁለትን ይለብስ የነበረው ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ትዝ አለው። ጉልበቱ አልታዘዝ ባለው ቀን ማልያውን አውልቆ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ «እንካ አንተ የሚካኤል ልጅ» ብሎ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገለት ሰው ነው። ያን ስም ከጠራ ስንት ዘመኑ።

እሁድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። መሲ በመስታወት የገባውን አዲስ ማልያ አስረከበችው፤ ተጨበጨበለት፣ ማይክም ተሰጠው።

«አመሰግናለሁ» አለ። «ሳምንቱን በሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ ሰነበትሁ። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ግን ይህን ቁጥር ከጋሽ ገብረ ክርስቶስ ተቀበልሁት እንጂ ከእናቴ ሆድ ይዤው አልወጣሁም። እሱን አታውቁትም፤ ዛሬ ስሙን ሰማችሁ። ቀኑ የሚካኤል ነው። ተራው ደግሞ የክንዱ ነው።»

የመስታወቱን ጀርባ መክፈት ሲጀምር መሲ ተጠጋችው። «ጋሼ፣ ምስማሩ እኮ ተመትቷል።»

«የቡድኑን ፎቶ ስቀይበት፣ ልጄ።»

ማልያውን አወጣና ከትከሻው ነጠላውን አውርዶ ሸፈነው፤ ከዚያ በሁለት እጁ አቀረበው። ክንዱ ወዲያው ገባው። ጎንበስ ብሎ ነጠላውን ሳመና ተቀበለ። በዚህኛው ጊዜ የዓምደ ሚካኤል ጣቶች ቶሎ ለቀቁ። የማኅበሩ ሴቶች ካሉበት እልልታ ተነሣ፤ ዳኛውም የወዳጅነት ጨዋታ ነው ብሎ ዐይኑን ጨፈነ። ክንዱ ሠላሳ ሁለትን አውልቆ የሚካኤልን ቀን ለበሰ።

ጨዋታው ሲጀመር ዓምደ ሚካኤል ከአስማማው ጎን ተቀመጠ። ሕዝቡ ሁሉ ዐይኑን ኳስ ላይ ጥሏል፤ ወደ እሱ የሚያይ የለም። 

«ተጸጸትህ?» አለ አስማማው።

«ትንሽ።»

ይህን እንዳለ ክንዱ መሐል ላይ ኳስ ቀማና ሁለት ሰው አልፎ ወደ ፊት ገሰገሰ። ሜዳው በአንድ አፍ «ዐሥራ ሁለት! ዐሥራ ሁለት!» እያለ ተጣራ። ዓምደ ሚካኤል ሳያስበው ብድግ አለ።

አስማማው ኮቱን ይዞ ጎተተው። «አንተን አይደለም፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ማልያው ግድግዳ ላይ ቢውል ኖሮ ያንን ስም በዚህ ሜዳ ዳግመኛ ማንም ባልጠራው ነበር፤ ይህን ሲያስበው ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ በመዳፉም ጠረገው። ሕዝቡ ደግሞ ተጣራ። ዓምደ ሚካኤልም እንደ ገና ተነሣ፤ አሁን ግን አስማማውም አብሮት ቆመ።