ሳል የበዛበት ቅዳሴ

ጋውዴንዚዮ ሞርቤሊ ከናፖሊ ወደ ቬኒስ የመጣው የመዘምራን መሪነት ሹመት ፈልጎ ነው። ናፖሊ ላይ የደረሳቸው ኦፔራዎች በፉጨት ተሸኝተውበታል። ዛሬ ለሹመቱ ውድድር ባቀረበው የቅዳሴ ዜማ ካልቀናው አማቱ ቤት ሰም እያቀለጠ ሻማ ሲሠራ መኖሩ ነው።

ዜማው ገና ከመጀመሩ አንድ ሽማግሌ ሳሉ። ወዲያው አንዲት ወይዘሮ ተናፈጡ። ኦርሴታ የምትባለው ዋና ዘማሪ ብቻዋን የምታዜመውን ስትጨርስማ ቤተ ክርስቲያኑ በሳል ታመሰ፤ እግር ሁሉ ወለሉን ይፍቅ ጀመር።

ኦርጋኑ ላይ የተቀመጠው ጋውዴንዚዮ ላብ አጠመቀው። ጉንፋን ነው እንዳይል፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዴት ያመዋል? በአገሩ ሰው ሲጠላ ያፏጫል፣ ሲወድ ይጮኻል። ሳልን ከየትኛው ይቁጠረው? ብዙ የደከመበት ረጅሙ ክፍል ገና አልተዜመም። ጨነቀውና ለዘማሪዎቹ በእጁ "ዝለሉት!" አላቸው። ቅዳሴው በአጭሩ አለቀ።

ኦርሴታ ከሰገነቱ እየሮጠች ወረደች።

"ምነው መምህር፣ እሳት ተነሣ እንዴ?"

"ሲስሉብኝ አልሰማሽም? ጠሉት እኮ!"

ኦርሴታ በሳቅ ፈረሰች። "ወይ ጉድ! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይጨበጨባል እንዴ? እኛ ደስ ሲለን እንስላለን። ሰው ጉሮሮው እስኪላጥ ሲያመሰግንዎ እርስዎ ምርጡን ቆርጠው ጣሉት!"

"እና ማን ነገረኝ?"

"ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብሎ ማን ያስባል?"

"መጀመሪያ የሳሉት ሽማግሌስ?"

"እሳቸውስ አስም አለባቸው።"

ጋውዴንዚዮ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ሹመቱን በገዛ እጁ እንደጣለ ሲያስብ፣ ውድድሩን ከሚዳኙት ሹማምንት ዘንድ አባ ዛኔቶ እየሳቁ መጡ።

"እንኳን ደስ ያለዎ መምህር! ሹመቱ የእርስዎ ነው።"

"ዜማዬን ወደዱት፣ አባ?"

"ዜማውስ ደኅና ነው። ግን ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ዜማቸውን እያረዘሙ ምሳ አሳልፈውብን ነበር። 'ልክ የሚያውቅ ሰው ተገኘ' አሉ ሹማምንቱ።"

"አባ፣ እኔ እኮ ረጅም ክፍል ዘልዬ ነው! ለፋሲካ እርሱን..."

"እንዳይሞክሩት!"

"ታዲያ የሚቀጥለውን ምን ያህል ላርዝመው?"

አባ ጥቂት አሰቡ። "ቀድመው ወጥ ቤቱን ይጠይቁ። እንደ ዛሬው ሩዝ በዓሣ ከሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል።"

ጋውዴንዚዮ መሪ መሆኑ ገብቶታል፤ በምን እንደሆነ ግን ግራ ገባው። አባ ምሳ ሊበሉ ሲጣደፉ፣ ይሳቅ ያልቅስ ሳያውቅ የወጥ ቤቱን በር እየፈለገ ተከተላቸው።