የምስጋናው ገጽ

፩

«ዶክተርዬ፣ ጥናትሽን አንብበነዋል» አላት የአማካሪ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ናሁሰናይ፣ ለቅጥር ስትቀርብ።

ትርሲት እንባዋ መጣ።

፪

አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅባት። ሦስተኛ ዲግሪዋን የሠራችው በሸንበቆ ሜዳ ምንጭ ላይ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። ግኝቷ ባንድ ትንፋሽ ያልቃል፦ እዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ከተቆፈረ ምንጩ ይነጥፋል። ፈታኞቿ ማጠቃለያውን አነበቡ። ከዚያ ወዲህ ከአቧራ በቀር ጥራዙን የነካው የለም።

እናቷ እንኳ ለጎረቤት የምታስተዋውቃት «መርፌ የማይወጋ ዶክተር» እያለች ነበር።

፫
ከምሁርነት ወደ አማካሪነት መሸጋገሪያ መመሪያ

ጫማሽን ቀይሪ።

«አላውቅም» አትበይ። «ተጨማሪ ጥናት ይጠይቃል» በይ፤ ያስከፍላል።

«ይደርቃል» አትበይ። «በውሃ ተደራሽነት ላይ መጠነኛ ተጽእኖ ሊኖር ይችላል» በይ።

ከእንግዲህ ስምሽ ዶክተር ነው። ትርሲት የምትባለዋን እናትሽ ቤት ተያት።

፬

የመጀመሪያ ሥራዋ የአበባ እርሻ ሆነ። ባለሀብቱ ሸንበቆ ሜዳ ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች ማስቆፈር ይፈልጋል። ድርጅቱ* ቁፋሮው ጉዳት እንደሌለው መጀመሪያ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ያጠናል።

የጥናቱ ረቂቅ ደረሳት። «ተጽእኖው መጠነኛ ነው» ይላል። ጥራዟን ታቅፋ ናሁሰናይ ቢሮ ገባች።

* ስሙን አልጽፍም። እነሱ ጠበቃ አላቸው፤ እኔ የለኝም።

፭
ቃል በቃል

ትርሲት፦ እኔ እኮ የጻፍኩት የዚህን ተቃራኒ ነው።

ናሁሰናይ፦ ይሆናል።

ትርሲት፦ አንብበነዋል አላላችሁኝም?

ናሁሰናይ፦ አንብበናል። የምስጋናውን ገጽ። «በሸንበቆ ሜዳ እንደ ልጃቸው ላኖሩኝ ለእትዬ ውድነሽ...» አንጀት ይበላል። ነዋሪው ካልተስማማ ፈቃድ የለም፤ ነዋሪው ደግሞ እኛን አያምንም። ዶክተር በየመንገዱ ሞልቷል፣ ዶክተርዬ። ሸንበቆ ሜዳ የሚያምነው ግን አንድ ነው።

፮

ምስጋና።

፯

ከዚያ ሁሉ ገጽ ያለ ዋቢ፣ ያለ ሠንጠረዥ፣ ከልቧ የጻፈችው አንዱን ብቻ ነበር። ሌቦቹ መርጠው እሱን ወሰዱ። እዚህ ላይ ስድብ ጽፌ ነበር፤ አርታኢዬ ሰረዘው። ቦታውን ግን አልለቅም፦



ለምን በዚያው ቀን ጥላ አልወጣችም? እናቷ የልብ መድኃኒቷን ለማብቃቃት ሳትቆራርጥ መዋጥ የጀመረችው ከዚህ ደሞዝ ወዲህ ስለሆነ። «መርፌ የማይወጋ» የሚለውንም ትታዋለች።

፰

የነዋሪዎች ውይይት ቀን አዳራሹ በባነርና በለስላሳ አሸበረቀ። እትዬ ውድነሽ ከፊት ረድፍ ተነሥተው አገላብጠው ሳሟት።

«ከስተሻል። አያበሉሽም እነዚህ?»

«ያበሉኛል፣ እትዬ።»

«እንጃ። እኛ ጋ ሳለሽ በቆሎ እየቆረጠምሽ ፊትሽ ሙሉ ነበር።»

ሰብሳቢው አስተያየት ሲጠይቅ ማይኩን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

«እኛ ወረቀታችሁን አናውቀውም። ይቺ ግን ልጃችን ናት። ከቤታችን አድራለች፣ ከምንጫችን ጠጥታለች። ምንጩ አይነካም ካለች፣ አይነካም፤ ቆፍሩ። ይነካል ካለች ደግሞ መኪናችሁ በር ላይ ቆሟል።»

ሳቅ። ጭብጨባ። ከኋላ አንዱ «የመኪናውን ቁልፍ እንዳይረሱት» አለ።

ናሁሰናይም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ማይኩን ወደ ትርሲት ገፋ አድርጎ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከ፦

«ተጽእኖው መጠነኛ ነው። ሦስት ቃል ናት፣ ዶክተርዬ። ለእናትሽ ስትዪ።»

፱

ማይኩ ላይ ቀይዋ መብራት በራች።

«እትዬ ውድነሽ፣» አለች ትርሲት።

፲

(አንባቢ ሆይ፣ መልሷን አንተ ሙላው። መጀመሪያ ግን ለእናትህ ደውል።)

«



»