የውሰት ዓይኖች

«ዓይንሽን ግለጪው እንጂ የኔ እናት፤ ተጨፍኖ ምኑን ልየው?» አለች ሜካፕ ሠሪዋ።

ልጅቷ ጭራሽ አጥብቃ ጨፈነች። ሜካፕ ሲቀቡ ዓይን እንደሚጨፈን ታውቃለች፤ ሙሽሮች ሲኳሉ አይታለች። ሴትዮዋ እየቀለደችባት መስሏት ፈገግ አለች። አገጯን ቀና፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፍ አድርጋ ብሩሹ እስኪነካት ጠበቀች። የነካት ግን ብሩሽ ሳይሆን ቀዝቃዛ ብረት ነበር። ደንግጣ ስትገልጥ፣ ሜካፕ ሠሪዋ የብረት ማስመሪያ ከዓይኗ ጥግ እስከ ጆሮዋ አጋድማ ቁጥር ታነባለች፤ ያነበበችውንም ወረቀት ላይ ትጽፋለች።

«ጎሽ፤ እንደዚያው ገልጠሽ ቆይልኝ።»

ልጅቷ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ መንገድ ሊሠራ ከእስያ የመጣ መሐንዲስ ነበር፤ መንገዱ ሲያልቅ በዚያው በሠራው መንገድ ሄደ። ትቶላት የሄደው ዓይኑን ብቻ ነው። የሰፈር ልጆች ገና በልጅነቷ «ጭላንጭል» አሏት፣ ያ ስም ተጣብቆባት ቀረ። ዛሬ የሚጠሯት ሰዎች ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ሌላ ስም እንዳላት ረስተው ነው።

ጭላንጭል እሷን የሚመስል ሰው ፊልም ውስጥ ስትፈልግ ነው ያደገችው። አላጣችም። ግን ያ ሰው ወይ ይራገጣል፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ ሻይ ያቀርባል፣ ወይ ኮምፒውተር ጠግኖ ይወጣል፤ ምንም ቢያደርግ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ከእናቷ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይወራረዳሉ፤ የተረታ ሳህን ያጥባል። እናት ሁልጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው የምትገምተው። ስለዚህ ሳህን የምታጥበው ሁልጊዜ ልጅ ናት።

በመጽሐፍ ግን አይስማሙም። እናት የወጣቶች ልብ ወለድ የምትወደው ፍቅር ሲኖርበት ነው፤ በዝናብ ተገናኝተው በዝናብ የሚለያዩበት፣ እሷም የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ እየሰፋች አፍንጫዋን የምትጠርግበት። ልጅ እንዲህ ያለውን መሐሉ ላይ ትተወዋለች። ጎረምሳው ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ ባለታሪኳ ማሰብ ታቆማለች ባይ ናት። የእሷ ምርጫ ልጅቷ ራሷ ሻንጣዋን አንሥታ የምትወጣበት ነው፤ ወዴት ብትሄድ ግድ የላትም።

እንዲህ ያለ አንድ መጽሐፍ አገኘች። ባለታሪኳ እንደ እሷው አባቷ የእስያ ሰው ነው፤ አባቷን ፍለጋ በባቡር ትሄዳለች፤ ታገኘዋለች፤ ግን አታቅፈውም። ዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ፊት ለፊቱ ቆማ የምትናገረውን ጭላንጭል በቃሏ ታውቀዋለች። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አምስት ጊዜ ተውሳዋለች። አራተኛው ላይ ሽፋኑ ተገንጥሎ እናቷ በስፌት መኪናዋ ሰፍታ መለሰችላት። ቤተ መጻሕፍት ኃላፊው እንዲህ ዓይነት ጥገና አይቶ አያውቅም።

በኋላ መጽሐፉ ፊልም ሊሆን ነው ተባለ። ከፊልሙ ቢሮ አንዲት ሴት ለእናት ደወለች። ልጅዎን ትምህርት ቤት ያየ ሰው ጠቁሞን ነው፣ ለዋናዋ ባለታሪክ ሥራ እንፈልጋታለን፣ ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን ቅባት ሳይነካው ይዘዋት ይምጡ አለች። እናት ምን ዓይነት ሥራ ብላ አልጠየቀችም፤ የሚጠየቅ ነገርም አልታያት። ስልኩን ዘግታ ለጎረቤቱ፣ ለደንበኛው፣ ለዳቦ ሻጩ ሳይቀር አወራች። የሰውን ልብስ ቀጠሮ ሁሉ ወዲያ ብላ ሦስት ቀን ሙሉ ባለ አንገትጌ ሰማያዊ ቀሚስ ስትሰፋ ሰነበተች። ባለታሪኳ አባቷን ስታገኝ የለበሰችው ሰማያዊ ነዋ! አሁን ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች፤ ድንገት አዝራር ቢበጠስ ብላ መርፌና ክር ይዛለች።

ጭላንጭል ከማስመሪያው ሥር ሆና ይህን ሁሉ እያሰበች ሳለ በሩ ተከፍቶ የሳሙና ማስታወቂያዋ ተዋናይት ገባች። የማያውቃት የለም፤ እነዚያ ትልልቅ ዓይኖቿ በአረፋ ተከበው በየግድግዳው ተለጥፈዋል። እሷም ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ የሱቅ ነው። ጎን ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለችና የሚለኩልኝ ዓይን ያንቺ ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። በደግ ድምፅ ነው የጠየቀችው፤ ጭላንጭል ግን ጥያቄው አልገባትም።

ሜካፕ ሠሪዋ ከጥቅልሉ ላይ ቀጭን ግልጽ ፕላስተር ቆረጠች። የተዋናይቷን የዓይን ጥግ ወደ ጆሮዋ ስባ ለጠፈች፤ ዞር ብላ ጭላንጭልን አየች፤ ላጠችው፤ እንደገና ስባ ለጠፈች። ተዋናይቷ ፕላስተሩ በተላጠ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

ሦስተኛው ፕላስተር ላይ ለጭላንጭል ገባት። የተጠራችው ለትወና ሳይሆን ዓይኗ ሊቀዳ ነው። የሚገርመው ቀድሞ የታሰባት ፊልሙ አልነበረም፤ ኮሪደሩ ነው።

«እናቴ ውጭ ናት» አለች ቀስ ብላ። «እንዳትነግሪያት።»

ሜካፕ ሠሪዋ ምኑን ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ቀሚሱን አየችው፤ አንገትጌውን፣ በእጅ የተተኮሰውን እጥፋት፣ ቀለሙን። የፕላስተሩን ጥቅልል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ማንም አልነገራችሁም?»

ጭላንጭል ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠችና እኔ ለዓይን ብቻ ነው የታዘዝኩት፣ ሌላውን አላውቅም አለች። እውነቷን ነው፤ የታዘዘችውም ያንን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የገባው ዳይሬክተሩ ነበር፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ፈጠን ፈጠን የሚል ሰውዬ። ተዋናይቷ ፕላስተሩ እንደተለጠፈባት የዐሥራ አንደኛውን ምዕራፍ ንግግር እንድትሞክርለት ጠየቀ። እሷም ገና ሁለት ቃል ሳትናገር ሳግ ያዛት፤ እጇን ዘርግታ የሌለውን አባት ልታቅፍ ተንጠራራች።

«እዚያ ላይ አታለቅስም» አለች ጭላንጭል። አፏ ነው ያመለጣት።

ሁሉም ዞሩ። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን አንብባው እንደሆነ ጠየቃት፣ አዎ አለች። በይ አንቺ በይው እስቲ አላት፤ ለተዋናይቷ ትምህርት ይሆናል ብሎ ነው። ጭላንጭል ተነሥታ አልቆመችም። በተቀመጠችበት፣ ፊቷ ባዶ እንደሆነ፣ መስታወቱን እያየች ተናገረች።

«ልወቅስህ አልመጣሁም። መልክህን ላይ ነው የመጣሁት። መስታወት ሳይ ግማሹ የማላውቀው ሰው ነበር፤ አሁን አወቅሁት። ይኸው ነው። ደህና ሁን።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ፤ ከገባ ጀምሮ ያያት አሁን ነው። ጥሩ ነው አለ። ጠጋ ብሎ፣ በጣም ጥሩ ነው አለ።

«ታዲያ ለምን እኔ አልሆንም?»

ሰውዬው ውሸታም አልነበረም፤ ቢዋሽ ይሻል ነበር። «እውነቱን ልንገርሽ» አላት። «አንቺን ሳሳየው ተመልካቹ ታሪኩን ትቶ ይቺ ደግሞ ከየት መጣች ይላል። እሷን ግን ያውቃታል። ያዝንላታል።»

«ለእኔስ?»

ዳይሬክተሩ ወደ ሜካፕ ሠሪዋ ዞረና ግራው ዓይን ከፍ ብሏል፣ አስተካክዪው አላት። ፕላስተሩ ተላጠ፣ ተሳበ፣ ተለጠፈ። ተዋናይቷ ወደ መስታወቱ ላለማየት ጣሪያውን ታያለች፤ የዓይኗ ቆብ አልገጥም ብሎ ውኃ ያንቆረቁራል። ጭላንጭልም አልሄደችም። ብትነሣ በሩን ትከፍታለች፤ በሩን ብትከፍት እናቷ አለች። ስለዚህ ቁጭ አለች፤ ዓይኗን ገልጣ፣ እንደታዘዘችው።

አራተኛው ሙከራ ላይ ዳይሬክተሩ እጁን አጨበጨበ፤ ወጣልን አለ። ደስታው ገደብ አጣና ማንም ሳይከለክለው በሩን ከፍቶ፣ እናት ይግቡ፣ ይግቡ፣ ይዩልን ብሎ ተጣራ።

ጭላንጭል ልትከለክለው እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም።

እናት ክር የገባበት መርፌ በጣቷ ይዛ፣ ጥርሷ ሁሉ እየሳቀ ገባች፤ አዝራር ነው ብላለች። ልጇን አየች፦ ፊቷ ከቤት ሲወጡ እንደነበረው፣ ዱቄት እንኳ ያልነካው። ጎኗ ደግሞ ሌላ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሌላ ልጅ፣ ወደ ጆሮ የተሳበ ዓይን። ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፤ መብራት ሲደክም እንደሚፈዝዘው ፈዘዘ። ልጅ አንገቷን ደፋች። እናት የልብስ ሰፊ ዓይን አላት፣ ማን ለማን እንደተለካ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃታል።

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለ ዳይሬክተሩ፤ «እናት አትሳሳትም። ልጅዎን አልመሰለችም?»

እናት መርፌውን የሹራቧ ደረት ላይ ሰካች። ወደ ተዋናይቷ ሄዳ በአንድ ጣቷ አገጯን ቀና አደረገችና ከፕላስተሩ ሥር የሚወርደውን እንባ ረዘም አድርጋ አየችው።

«ቁርጥ እሷን» አለች። «የኔዋ ግን ዓይኗን ስትገልጥ አያማትም።»