የከሳች ምራት

“ማል ታቴ?” አሉ ወይዘሮ ባዩሽ፣ ከአርጆ ያመጡትን በቅቤ የራሰ የጩምቦ ቂጣ የያዘ ድስት ሳያስቀምጡ በአንድ እጃቸው የምራታቸውን ክንድ እየጨበጡ። “ምን ሆነሽ ነው? ልጄ እህል ከለከለሽ?”

“ደህና ነኝ፣ እማማ። ሐኪም አዞኝ ነው የቀነስኩት።”

ልጃቸው ጨመዳ ከሶፋው አልተነቃነቀም። የሚስቱ ውፍረት ለእሱ የሀብት ማስታወቂያ ነበር፤ ነቀምቴ ውስጥ ከቡና መጋዘኑ ይልቅ እሷ ትታይለት ነበር። አሥራ አንድ ኪሎ ከቀነሰች ወዲህ ግን ወዳጅ ሁሉ “ንግድ ተበላሸ እንዴ?” ይለዋል። ሌላ በሽታ ጠርጥሮ የሚያንሾካሹክም አልጠፋም፤ ሰው መቼም አፉን ሥራ አያስፈታም።

ሐኪሙ ከስድስት ወር በፊት ለምንትዋብ በግልጽ ነግሯት ነበር። “ስኳር ገና አልያዘሽም። ግን ሰውነትሽ ኢንሱሊኑን እንቢ ማለት ጀምሯል፤ የደምሽም ስብ ከልክ አልፏል። ክብደት ካልቀነስሽ የእህትሽ ዕጣ ይደርስሻል።” በየማለዳው በጉቴ መንገድ ስትራመድ የከረመችው ለዚህ ነው። ደሟን ዳግም የምትመረመረውም ነገ ጠዋት ነው።

“በይ አፍሽን ክፈቺ” አሉ ወይዘሮ ባዩሽ፣ ከድስቱ ጉርሻ አንሥተው። ቅቤው በክንዳቸው ላይ ይወርዳል።

ምንትዋብ ባሏን አየችው።

“እናቴን አታሳፍሪያት” አለ።

ጎረሰች። ጣፈጣት፤ ስለጣፈጣትም ተናደደች።

“አንድ ጉርሻ ያጣላል” ብለው ሁለተኛውን፣ ከፊተኛው የሚበልጠውን አነሡ። ምንትዋብ እጃቸውን በአየር ላይ ያዘችው።

“እህቴ ንጋት በስኳር ስትሞት አልከሳችም ነበር፣ እማማ። እርስዎም ለቅሶ መጥተው ‘ይህን የመሰለ ሰውነት አፈር ይብላው?’ ብለው አልቅሰዋል። እኔን ግን ከስቼም ቢሆን በሕይወት ይዩኝ።”

አሮጊቷ ጉርሻውን ወደ ድስቱ መለሱት። በዚያ ቤት ጉርሻ ሲመለስ ያ የመጀመሪያው ነበር። እጃቸውን ሳይታጠቡ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

“ይኸው፣ ደስ ይበልሽ!” ብሎ ጨመዳ ባጃጅ ሊጠራ ወጣ።

ባጃጁ ሲመጣ ምንትዋብ አማቷን ደግፋ አሳፈረች፤ ድስቱንም አቀበለቻቸው። ከአጠገባቸው ባዶ ቦታ ነበር። እሳቸው ግን ነይ ሳይሉ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እሷም ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች።

“እስከ መናኸሪያ ቀስ ብለህ ንዳ” አለችው ሾፌሩን፤ “በእግሬ እሸኛቸዋለሁ።”