ንጹሕ ናሙና

"ይኸው! ልሙጥ ነው፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ!" ፕሮፌሰር ታክ የማይክሮስኮፑን ስክሪን በእስክሪብቷቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። "ሃራም፣ ያ ክሪስታል ያልሽው የታለ?"

ተማሪዋ ሃራም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። አዲስ ዝርያ ነው ብላ ሁለት ዓመት የተሟገተችለት፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ከዘመዶቹ የሚለየው ፊቱ ላይ ባለው ነጭ ክሪስታል ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ሦስት ሺህ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ባዶ ሜዳ ነበር።

"እንግዲህ ስለ ዝርያው የላክነው ጽሑፍ ይቅር። ከምሳ በኋላ ለመጽሔቱ እደውላለሁ" ብለው ወጡ።

ናሙናውን ያዘጋጀችው ማልሱን ከጀርባቸው ቆማለች። በዚህ ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ በሚቀጥለው ወር ጡረታ ትወጣለች። አቧራ ጠላቷ ነው። ተማሪዎቹ፣ "ማልሱን ባጠበችው ናሙና ላይ ዝንብ ብታርፍ አዳልጧት ትወድቃለች" ይላሉ።

ሰኞ ዕለት ያቺን ጥፍር የምታህል ቁራጭ ስትቀበል ቁራጯ ላይ ነጭ ብናኝ አየች። "አይ የዛሬ ልጆች! ከነአቧራው ያመጡታል" ብላ አሴቶን በተባለው ማሟሟያ ፈሳሽ ውስጥ ሁለቴ አለቀለቀቻት፤ አድርቃም በማይክሮስኮፑ ጥርት ብላ እንድትታይ ስስ ወርቅ ቀባቻት። አሴቶን ክሪስታሉንም እንደሚያሟሟ ጠፍቷት አይደለም። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። አሁን ገባትና አፈረች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

"እናቴ ልክ ነበረች፣ እትዬ ማልሱን" አለች ሃራም ለመሳቅ እየሞከረች። "ዳቦ ቤት ክፈቺ ብላኝ ነበር። እዚያ ቢያንስ ዱቄቱ የእውነት ነው።"

"ከናሙናው የቀረ አለ?"

"አንዲት ፍርፋሪ። ናሙናው የተገኘበትን የካንግዎን ገደል ለመንገድ ብለው በድማሚት ንደውታል፤ ሌላ የለም። ምን ይሠራል ደግሞ?"

ማልሱን ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። የሥራ ቅጹ "በተለመደው መንገድ ተዘጋጀ" ይላል፤ በቃ።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለች። "አቧራ መስሎኝ በአሴቶን አጠብኩት።"

"ሁለት ዓመት እኮ ነው!" ሃራም ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለእሳቸው አይንገሩ። እኔ ነኝ ያጠብኩት እላለሁ። ተማሪ ቢያጠፋ ማን ይገረማል? እርስዎ በዚህ ስም ጡረታ አይወጡም።"

"አጠፋሁ ካልሽ ነገ የምታሳዪውን ማን ያምንሻል? ይልቅ ፍርፋሪዋን አምጪ።"

ማልሱን ፍርፋሪዋን በመርፌ ጫፍ አንስታ፣ ሳታጥብ፣ ማጣበቂያ ባለው ክብ ብረት ላይ አሳረፈቻት። ጎኗ ላይ አንድ ቀጭን የአቧራ ክር ተለጥፏል። ሊያራግፍ የተዘረጋ እጇን በግድ መለሰችና ወርቅ በሚቀባው ማሽን ውስጥ እንዳለች ከተተቻት።

"ቢያንስ ምስሉ ይውጣ" አለች ሃራም። "ክሪስታሉ ከታየ አብረን እንነግራቸዋለን፤ እሳቸውም ይስቃሉ።"

"ካልታየስ?"

ሃራም ወደ ማሽኑ መስኮት ጎንበስ አለች።

ፕሮፌሰሩ ከምሳ ተመልሰው የቢሯቸውን በር ሲከፍቱ ተሰማ። ማሽኑ ወርቁን ከመቀባቱ በፊት ገና አየሩን እየሳበ ነው። ማልሱን ጓንቷን አወለቀች፤ ምስሉን ሳትጠብቅ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች።