እሳቱ ጠፍቶ እንዳያገኘው

«ጭሱ ጋረደሽ እኮ፣ እትዬ! ስልኩን ወደ መቃው አዙሪልኝ።»

ሰይፈሥላሴ መኪናውን በሚኖርበት የባሕር ማዶ ከተማ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርክ አድርጎ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፏል። እዚህ ማለዳ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለችው መንደራቸው ደግሞ አመሻሽ። ታላቅ እህቱ ዘቢደር እናታቸው በሠራችው ምድጃ ዛሬም አረቄ ታወጣለች። የማሰሮው ክዳን በአመድና በእበት ተለስኗል፤ በመቃው ያለፈው እንፋሎት ውሃ ውስጥ በተዘፈዘፈው ገንቦ እየቀዘቀዘ ይጠራቀማል። ሰይፈሥላሴ ይህን ሳያይ የታክሲ ሥራውን መጀመር አይሆንለትም። ሽታው ከስልኩ የሚወጣ ይመስለዋል።

«የላክሁልሽን የብረት አረቄ ማውጫ ለምን አትጠቀሚበትም?»

«ብቅል አስቀምጥበታለሁ። አይጥ አይደፍረውም፤ እግዜር ይስጥህ።»

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

«ስማኝ ሰይፉ። ሐኪሙ ጭሱን ካልተውሽ ዐይንሽ ይጠፋል ብሎኛል። ልጄ ውብነሽም ከተማ ልውሰድሽ እያለች ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አንተን ነዋ! እማማ ስትናዘዝ "ሰይፉ ሲመጣ እሳቱ ጠፍቶ እንዳያገኘው" አለችኝ። አንተም በየዓመቱ "ለፋሲካ ጠቅልዬ እመጣለሁ" ትላለህ፤ እኔም እማግዳለሁ።»

ሰይፈሥላሴን ያስተማረው የዚሁ አረቄ ገቢ ነው። የሰው ሻንጣ እየጫነ ሲያወርድ የሚውለው፣ አንድ ቀን እዚያ ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ መጀመሪያ የወረደውን እቀምሳለሁ እያለ ነው። ልጆቹ ግን ካልቨር ሲቲ ይማራሉ፤ በአማርኛም አይመልሱለትም። እንደማይመለስ ካወቀው ቆይቷል። «እመጣለሁ» የምትለዋ ቃል ግን ለእሱ ስንቅ ሆናው ኖረች። ለዘቢደር ማገዶ መሆኗን አላሰበውም ነበር።

«ትመጣለህ ካልክ እችለዋለሁ» አለች፤ «ደግሞ ያንተን መልክ ለማየት አንድ ዐይን መች ያንሳል!»

ስልኩ አቃጨለ፤ ተሳፋሪ ነው። አላነሳውም።

«አልመጣም፣ እትዬ።»

«ለፋሲካ ነው?»

«ለመኖር። ለመኖር አልመጣም። አጥፊው፤ ምድጃውንም አፍርሺውና ከውብነሽ ጋር ሂጂ።»

ዘቢደር «አይ፣ የኔ ጌታ» ብላ ግንዱን ጎትታ አወጣችና ውሃ ቸለሰችበት።

«ስልኩን ልዝጋው እንግዲህ?»

«አትዝጊው» አላት። የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ የመኪናውን መስኮት ወደ ላይ ዘጋ።